ኤሊም አጥንት አላት



በዚህ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ስለ መንገድ መበላሸት፣ ስለ ውሃ መቋረጥ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ሌላም ብዙ ቁም ነገር ሲጻፍ ሳነብ ኖሬአለሁ። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ኤሊ ነው። «ሰውየው ሥራ ቢያጣ ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ፤ ይበለኝ። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ልደርስ ከሄድኩበት ቤት፣ አንድ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ከግቢው ጥግ ተቀምጦ ለአንዲት ኤሊ ብስኩት እየቆረሰ ሲያበላ አየሁ። ጠጋ ብዬ የጀርባዋን ቅርፊት በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው እንደ ጫማ ቆዳ ጎድጎድ አለ። ይህንኑ ነገር ከዚህ ቀደም በገዛ ቤቴ አይቼው ስለ ነበር ደነገጥሁ። ነገር ግን ሰው ተሰብስቦ በሚያለቅስበት ቤት ስለ ኤሊ ማውራት አሳፍሮኝ ሳልናገር ወጣሁ። ያን ዕለት በአፌ ያልተናገርሁትን በጋዜጣዎ እንድናገር ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ ይሠራበት ከነበረው ከአዋሽ በረሃ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ በግቢው የነበሩትን ሁለት ትንንሽ ኤሊዎች ይዞ መጥቶ ለልጅ ልጆቼ ሰጣቸው። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል መሆኑን በዚያን ጊዜ እሱም አላሰበው፤ እኔም አልጠየቅሁት። ልጆቹ ትልቋን «እሜቴ»፣ ትንሿን «ጠጠር» ብለው ሰየሟቸው። ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው፣ በቆላው አገራችን የሚገኙ፣ ፈረንጆች «የነብር ኤሊ» የሚሏቸው ዓይነት ናቸው። ይህ ዓይነት ኤሊ አድጎ ሲጨርስ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ክብደቱም ከ10 ኪሎ ያልፋል። የእኛዎቹ ግን ያን ጊዜ አንደኛዋ የስኒ ማስቀመጫ ሳሕን፣ ሁለተኛዋ የሕፃን ቡጢ ብታክል ነው።

እንግዲህ ቤተ ሰቡ በሙሉ በደግነት ተነሣባቸው። ጧት ዳቦ በሻይ ተነክሮ ይቀርብላቸዋል። ምሳ ሰዓት ሙዝና ቲማቲም ይከተላል። ሠራተኛችን ደግሞ ኤሊ የሚጦም መስሏት እንደሆነ እንጃ፣ ረቡዕና ዓርብ እንጀራ በሽሮ ታቀምሳቸው ነበር። ምራቴ ግን ከሁላችንም ይልቅ አስተዋይ ናትና፣ አትክልት ይሻላቸዋል ብላ ዕለት ዕለት ቆስጣ አጥባ እየከተፈች ትሰጣቸው ጀመር። ማደሪያቸውም ያማረ ነበር፤ ውሻ እንዳይነክሳቸው፣ አሞራ እንዳይነጥቃቸው፣ ብርድም እንዳይመታቸው ስንል በመስታወት በተከለለው በረንዳ ላይ አኖርናቸው። ፀሐይ በመስታወቱ አልፋ ስትገባ በረንዳው እንደ ምድጃ ይሞቃል። እኔም ወንበሬን አውጥቼ ጋዜጣዬን ሳነብ እነሱ ከእግሬ ሥር ሲሞቁ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስት ዓመት በዚህ ዓይነት ሄደ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ላይ ጠጠር የኋላ እግሮቿን መጎተት ጀመረች። ቀጥሎም መብላት ተወች። ባነሣት ጊዜ ሆዷ በኩል ያለው ቅርፊት በጣቴ ይረገጣል፤ መንጋጋዋም እንደ ላስቲክ ይተጣጠፋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞተች። በአጥሩ ጥግ ከጽጌረዳዋ ሥር ስንቀብራት ታናሺቱ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ድንጋይ ለብሳ እንዴት ታመመች?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ለኔም ለካ የኤሊ ቅርፊት ድንጋይ ነበር።

እሜቴን በካርቶን ይዤ ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያክመው ላምና ውሻ መሆኑን ሳይደብቅ ነግሮኝ፣ «ቢሆንም አንብቤ እነግርዎታለሁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ይመለሱ» አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው አከብራለሁ። ስመለስ የነገረኝንና እኔም በኋላ በመጽሐፍ ያረጋገጥሁትን በአጭሩ ላስረዳ።

የኤሊ ቅርፊት ልብስ አይደለም፤ አካል ነው። ከላይ የሚታየው ነጠብጣብ ያለበት ስስ ሽፋን እንደኛ ጥፍር ያለ ነገር ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ግን እርስ በርሱ የተገጣጠመ አጥንት ነው። የጀርባ አከርካሪዋና የጎን አጥንቶቿ ከዚሁ ከቅርፊቱ ጋር አንድ ሆነው ተዋህደዋል። ስለዚህ ኤሊ ከሌላው እንስሳ ይልቅ ብዙ አጥንት ተሸክማ የምትሄድ ፍጥረት ናት። አጥንት ደግሞ የሚሠራው በተለይ ካልሲየም ከሚባለው ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን ለአጥንት ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፤ ጡንቻ እንዲታዘዝ፣ ልብም እንዲመታ በደም ውስጥ ዘወትር የተወሰነ መጠን መኖር አለበት። በምግብ ካልገባ፣ በአንገት አካባቢ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች «ከጎተራው ይውጣ» ብለው ያዛሉ። ጎተራው አጥንቱ ነው። ስለሆነም የተራበችው ኤሊ ልቧን ለማኖር ስትል ቅርፊቷን ከውስጥ ትበላለች። ከውጭ ለሚያያት ሰው ግን ሆዷ የሞላ፣ የምትንቀሳቀስ፣ ደኅና ኤሊ ናት። ጠጠር ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይናችን እያየ የሞተችው በዚህ ሁኔታ ነው።

ሐኪሙ «ምን ምን ይመገባሉ?» ሲለኝ በኩራት ዘረዘርሁለት። እያንዳንዱን ስጠራ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። የምግብ ነገር የሚለካው ካልሲየም በመኖሩና ባለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ ፎስፎረስ ከሚባለው ከሌላው ማዕድን ጋር ያለው ሚዛንም ይታያል። ፎስፎረሱ ከበዛ ካልሲየሙን ያስቀርበታል። ለኤሊ የሚስማማው ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ እጥፍ ያህል ሲሆን ነው። 100 ግራም ሙዝ ግን 5 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 22 ሚሊ ግራም ፎስፎረስ አለው፤ ይህም ማለት ሚዛኑ ተገልብጧል። ቲማቲምም 10 እና 24 ነው። ነጭ ዱቄት ደግሞ ከነዚህ የባሰ ስለሆነ ዳቦውን ባላነሣው ይሻላል።

«ቆስጣውስ?» አልሁ፤ የምራቴ ድካም ከንቱ እንዲሆን አልፈለግሁም። ቆስጣ በውስጡ ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስላለበት ካልሲየሙን አስሮ ይይዘውና ሳይፈጭ በሆድ አልፎ ይወጣል። የቆስጣ ዘመድ የሆነው እስፒናችም እንደዚሁ ነው። በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከእስፒናች ካልሲየም ውስጥ ወደ ሰውነት የሚገባው ከመቶ 5 እጅ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። አልፎ አልፎ ቢቀመስ ጉዳት የለውም፤ የዕለት ቀለብ ማድረግ ግን ከንቱ ድካም ነው። ይህን ለምራቴ ስነግራት ሁለት ቀን ተኮራርፈን ነበር።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ይህ አይደለም። የግቢያችን ዘበኛ የቦረና ሰው ናቸው፤ ዕድሜአቸው ከኔ ይበልጣል። የሐኪሙን ቃል ቤት ገብቼ ስተርክ በበሩ ቆመው ሰምተው ኖሮ «ጋሼ፣ ይህ እኮ በኛ አገር የታወቀ ነው» አሉኝ። «ምኑ ነው የታወቀው፣ አባባ?» ብላቸው፣ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ኤሊ በሜዳ ላይ የወደቀ ነጭ አጥንት ስትፋቅ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና የጅብ ዓይነ ምድርም ስትበላ ያዩ እንደ ነበር ነገሩኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙን ብጠይቀው ግን እውነት ነው አለኝ። ጅብ አጥንት ሰባብሮ ስለሚውጥ የሚጥለው ነገር በካልሲየም ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ የነብር ኤሊም ለቅርፊቷና ለእንቁላሏ የሚያስፈልጋትን ከዚያ ትለቅማለች። ይህንንም የዱር እንስሳትን የሚያጠኑ ሊቃውንት መዝግበውታል። እኚህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ከበሩ ተቀምጠው ኤሊዎቹ ዳቦ በሻይ ሲበሉ ያዩ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው «ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚህ በኋላ የእሜቴ ቀለብ ተለወጠ። አሁን የምታገኘውን ልናገር። የነብር ኤሊ በተፈጥሮዋ እንደ በግ ሣር የምትግጥ ናት፤ ስለዚህ ከምግቧ የሚበዛው ሣር ነው። በግቢያችን ሰርዶ ስላለ ራሷ እየዞረች ትግጣለች። ማገጥም በበቀለበት ወራት ትወዳለች። ከዚህ ቀጥሎ ጎመን አለ፤ ቅጠሉ ሰፋፊ የሆነው ጎመን በካልሲየም የበለጸገ ነው። ነገር ግን ጎመን ብቻውን ከሆነ የእንቅርት ዕጢን የሚያውክ ጠባይ ስላለው ከሌላ ቅጠል ጋር እናፈራርቀዋለን። ከሰፈራችን ከብት አርቢዎች አንድ ጭብጥ አልፋልፋ በሳምንት አንዴ እንቀበላለን፤ አልፋልፋ ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ ሥጋ ገንቢ ምግቡም ብዙ ስለሆነ ማብዛት አይገባም። ሰላጣ ውሃ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ፍራፍሬ ሙሉ በሙሉ ቀረ፤ የልጆቹ ልደት ሲሆን ብቻ አንድ ቁራጭ ፓፓያ ትቀምሳለች።

የበለስን ነገር ለብቻው ልጽፈው ይገባኛል፤ ስሕተት የሚመጣበት ስለሆነ። ፍሬውን ልጆች በክረምት በመንገድ ዳር እየላጡ የሚሸጡት በለስ፣ ጠፍጣፋ ቅጠሉ እሾሁ ተቃጥሎ ወይም ተፍቆ ከተከተፈ ለኤሊ መልካም ምግብ ነው፤ ካልሲየምና ውሃ ያገኙበታል። ግን ብዙ ሰው ይህንንም «ቁልቋል» ይለዋል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው፣ ለአጥር የሚተከለው ቁልቋል ግን ፈጽሞ ሌላ ተክል ነው፤ ወተቱ መርዝ ነው፤ ዓይንንም ያሳውራል። ወተት የሚያፈሰውን ለኤሊ የሚሰጥ ሰው እንዳይኖር አደራ።

አሁን ወደ ተጨማሪው ካልሲየም ልምጣ። በውጭ አገር ለኤሊ ተብሎ በጣሳ የተዘጋጀ ነጭ ዱቄት ይሸጣል። ዋጋው ውድ ነው፤ ቢፈተሽ ግን የሚበዛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ይኸው ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ በየቤታችን በየቀኑ ይጣላል፤ የእንቁላል ቅርፊት ከመቶ 95 እጁ ያህል እሱ ነው። የኛ አሠራር ይህ ነው። የተሰበረውን ቅርፊት እናጥበዋለን፤ የውስጡን ስስ ሽፋን እናነሣለን፤ ተሕዋስያን እንዳይኖሩበት 10 ደቂቃ ያህል እናፈላዋለን፤ ከዚያ በምጣድ ላይ አድርቀን በሙቀጫ እንወቅጠዋለንና በወንፊት እንነፋዋለን። እንደ በርበሬ መላም ማለት አለበት። ከዚያ በሁለት ጣት የምትያዝ ቁንጥር፣ በረጠበ ቅጠል ላይ ተነስንሳ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ትሰጣለች። በማደግ ላይ ላለች ወይም እንቁላል ለምትጥል ኤሊ የበለጠ ያስፈልጋል፤ እናት ኤሊ ካልሲየም ካጣት እንቁላሉ በሆዷ ተይዞ ሊቀርና ሊገድላት ይችላል። አንድ ትልቅ ንጹሕ የተቀቀለ አጥንትም በግቢው ጥግ አኑረናል፤ ከዘበኛችን የተማርነው ነው። አንዳንድ ቀን እሜቴ ሄዳ ትፍቀዋለች፤ አንዳንድ ጊዜም ለወር ዞር ብላ አታየውም። እውነተኛውን የጅብ ነገር ግን ከሜዳ ለቅማችሁ ወደ ቤት አታምጡ፤ በሽታ አለበትና።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ሊሳሳት የሚችልበትን ነገር ልጨምር። «የኖራ ድንጋይ» ተፈጭቶ ለዶሮ መኖ ይገባል፤ ይህ ልክ ነው፤ እሱም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ግን በእሳት የተቃጠለ ነውና አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ስሙ ቢመሳሰልም ነገሩ አንድ አይደለም።

የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ሐኪሙ ለእሜቴ በአፏ የሚንጠባጠብ ካልሲየም ለጥቂት ሳምንት ባዘዘላት ጊዜ፣ ካልሲየም ያለ ቪታሚን ዲ ወደ ሰውነት በደንብ እንደማይገባም ነግሮኝ ነበር። እኔም ከዚህ ተነሥቼ የራሴ ፍልስፍና መጣልኝ። ለሕፃናት የሚሰጠውን የቪታሚን ዲ ጠብታ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ፣ ቶሎ እንድትድን ብዬ በየቀኑ ብዙ ብዙ አንጠባጠብሁላት። ሐኪሙ ይህን በሰማ ጊዜ እንደ ተማሪ ቆጣኝ። ይህ ቪታሚን ሲበዛ በሽንት አይወጣም፤ በሰውነት ይጠራቀማል። ሲጠራቀምም ካልሲየሙ አጥንት በመግባት ፈንታ በልብ ሥርና በኩላሊት ውስጥ እየተጋገረ ይገድላል። በአሥር ቀን ስለ ተያዝሁ ጉዳት ሳይደርስ ቀረ። በሚገባ መጠን የሚያውቀው ሐኪም ካልሆነ ሰው በራሱ ሐሳብ ቪታሚን ዲ ለኤሊ መስጠት የለበትም።

የሚሻለው ነጻ የሆነው ነው፤ እሱም ፀሐይ ነው። የፀሐይ ጨረር ቆዳን ሲነካ ኤሊዋ ራሷ ቪታሚን ዲ ትሠራለች፤ በዚህ መንገድ የሚሠራውም ከመጠን አያልፍም። ታዲያ «እሜቴና ጠጠር ሦስት ዓመት በፀሐይ በረንዳ አልነበሩም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለሐኪሙ ያልሁት ይህንኑ ነው። ነገሩ መስታወቱ ላይ ነው። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ቪታሚን ዲ የሚሠራውን ያን አንዱን የማይታይ ጨረር ግን ያስቀራል። እንግዲህ ያ የተመካሁበት በረንዳ ኤሊዎቹን ያሞቃቸው ነበር እንጂ ፀሐይ አላሳያቸውም። በአዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ፀሐይ በሞላበት አገር፣ ኤሊ በፀሐይ ዕጦት ገደልሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

አሁን በጧት ከግቢው ትለቀቃለች፤ ስትሞቅ የምትጠለልበት የዛፍ ጥላም አላት፤ ጥላ የሌለበት ሣጥን ውስጥ ፀሐይ ላይ ማኖር በአንድ ከሰዓት ይገድላታልና። በክረምት ሌሊት ብርዱ ስለሚከብዳት ደረቅ ጭድ ባለበት ቤት ታድራለች። ይህ ዓይነት ኤሊ እንደ ብርድ አገር ኤሊዎች ወራቱን ተኝቶ የሚያሳልፍ አይደለም፤ ሰውነቷ ካልሞቀ ግን የበላችው አይፈጭላትም። ገንዳዋም ጥልቀት የሌለው ሆኖ ዘወትር ውሃ ይደረግበታል። ቅርፊት እንደ ድንኳን ጉብ ጉብ የሚልበት ምክንያት ሥጋ ገንቢ ምግብ ብቻ ነው ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በኦስትሪያ ሊቃውንት በታተመ ጥናት በይበልጥ የአየሩ ድርቀት መሆኑ ስለ ታየ፣ እኛም ማደሪያዋን ከመጠን በላይ ደረቅ እንዳይሆን እንጠነቀቃለን።

ስለ ምግብ ልዩ ልዩነት ሌላ ምስክር ቢያስፈልግ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ በቅድስት ሄሌና ደሴት የሚኖረው ጆናታን የሚባለው ግዙፍ ኤሊ አለ። በ1832 አካባቢ እ.ኤ.አ. እንደ ተወለደ ይገመታል፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም 190ኛ ዓመቱ ተከብሮለታል። እሱም በእርጅናው ዓይኑ ጠፍቶ፣ አፉ ደንዝዞ ሣሩን መቁረጥ አቅቶት ከስቶ ነበር። የደሴቲቱ የእንስሳት ሐኪም በሳምንት አንድ ጊዜ ልዩ ልዩ አትክልትና ፍራፍሬ በእጁ ያጎርሰው ከጀመረ በኋላ ሥጋው ተመለሰ፤ አፉም እንደገና ስለት አወጣ። ለጆናታን ፍራፍሬ ተሰጥቶት ለእሜቴ ለምን ይከለከላል የሚል ቢኖር፣ የጆናታን ከሣሩ በላይ የተጨመረ ነው፤ የእሜቴ ግን በሣሩ ፈንታ የተሰጠ ነበር።

በአሜሪካ የምትኖር የእኅቴ ልጅ ይህን ታሪክ ስነግራት የልጇን የውሃ ኤሊ ነገር አነሣችልኝ። በዚያ አገር ቅርፊታቸው ከአራት ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል፤ ምክንያቱ ሕፃናት እነሱን ነክተው እጃቸውን አፋቸው ሲያስገቡ ሳልሞኔላ የሚባለው የሆድ በሽታ ስለሚይዛቸው ነው። እጅ በሳሙና መታጠብ ለኛም ልጆች እንደዚያው ያስፈልጋል። የውሃ ኤሊ ቀለብ ከምድሯ ኤሊ ይለያል፤ ሥጋም ትበላለች። ነገር ግን ጥብስ ሥጋ ወይም የደረቁ ትንንሽ የውሃ ነፍሳት ብቻ ከሆነ እሷም ካልሲየም ታጣለች፤ ቪታሚን ኤም ይጎድላትና ዓይኗ አብጦ ይዘጋል። ትንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ፣ ቅጠላ ቅጠልም ተጨምሮ ሲሰጣት ይሻላታል። ቤት ውስጥ ለምትኖረውም ልዩ መብራት ያስፈልጋታል፤ ተራ አምፑል ሙቀት እንጂ ያን ጨረር አይሰጥም። ልዩው መብራት ደግሞ ብርሃኑ ሳይጠፋ ጨረሩ ስለሚደክም በጊዜው ይለወጣል። የእኅቴ ልጅ መብራቷን ሦስት ዓመት ሳትለውጠው ኖራ ነበር።

አንድ ክፉ ልማድም ሳላነሣ አላልፍም። ኤሊ እንዳትጠፋ ብለው ቅርፊቷን በመሰርሰሪያ በስተው ገመድ የሚያስሩ አሉ። አጥንት ነው ብያለሁ፤ ሕይወት ያለው፣ ደም የሚዞርበት፣ ሕመም የሚሰማው አጥንት። የራስን ክንድ በስቶ ገመድ እንደ ማስገባት ነው። ከዱር ማምጣትንም በተመለከተ፣ በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ወጥቷል፤ በቤታችሁ የሌለች ኤሊ በቆላዋ ትኑር። እኔ ይህን የጻፍሁት አስቀድሞ በየግቢው ላሉት ነው።

እሜቴ ከዚያ ወዲህ ዳነች፤ ግን መልኳ አልተመለሰም። ጀርባዋ ወደ ኋላ በኩል እንደ ተቀመጡበት ቁና ሰርጎድ ብሎ ቀርቷል፤ የቀኝ እግሯም ቀና አይልም። አዲስ የበቀለው የቅርፊቷ ጠርዝ ግን ጠንካራ ነው፤ በጥፍሬ ስመታው እንደ ሸክላ ይጮኻል። ዛሬ ክብደቷ 4 ኪሎ ተኩል ደርሷል። ልጆቹ ዳቦ ሲበሉ ካየች ግን አሁንም አንገቷን አውጥታ በዝግታ መምጣቷን አልተወችም፤ ያ ጣዕም ከአፏ አልጠፋም መሰለኝ።

በቆላ የምትኖሩ አንባቢያን ሆይ፣ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ኤሊዎች በሜዳው የሚበሉትን ቅጠል የምታውቁ ብትሆኑ ስሙን በዚሁ ዓምድ ብትጽፉልኝ ውለታ ነው። ዘበኛችን ሁለቱን በኦሮምኛ ነግረውኛል፤ በአማርኛ ምን እንደሚባሉ ግን ሁለታችንም አላገኘነውም።

ወደዚያ የለቅሶ ቤት እሑድ ተመልሼ ለማጽናናት እሄዳለሁ። ለልጁ ዱቄቱን በትንሽ ጠርሙስ ሞልቼ አዘጋጅቻለሁ፤ የበለስ ቅጠሉንም እሾሁን ፍቄ በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ።

አክባሪዎ
አንድ የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ